የሚያንጎራጉረው ቸርኬ

በሲያትል ሰው ሁሉ አንድ ነገር ለማቅለል ይደክማል። ወተቱን ስቡን ገፈው ውሃ አሳክለው ይሸጡላችኋል፤ ቡናውን ነፍሱን አውጥተው ሽታውን ብቻ ይተዉላችኋል። ሬድመንድ ሥራ የያዘው ዘመዳችን በየምሳ ሰዓቱ ይሮጣል፤ ማን አባረረህ ብትሉት ቦርጩ ነው። እኔ በእነዚህ ሰዎች ስቄ አላውቅም። የሳቅኩት ይልማ የብስክሌት ጎማ አቀላለሁ ብሎ ወጥ ቤቴን ጋራዥ ሲያደርገው ነው። ሳቄም ብዙ አልቆየም።

ይልማ ሌክ ሲቲ አብሮኝ የሚኖር፣ ዲቪ ደርሶት የመጣ፣ ኤርፖርት ሻንጣ የሚጭን ጓደኛዬ ነው። እሱን የመሰለው ሀበሻ ሁሉ መኪና ለመግዛት ሲሯሯጥ እሱ ብስክሌት ገዛ። ብስክሌትስ ይግዛ፤ የሱ ግን ኮርቻ የላትም። አትቀመጡባትም። ቆማችሁ እየዘለላችሁ ድንጋይና ግንድ ላይ የምትወጡባት ናት፤ እግራችሁ መሬት ከነካ ተሸንፋችኋል። ከማን ጋር ተፎካክራችሁ እንደተሸነፋችሁ ግን እንዳትጠይቁኝ።

ባሕሩ ዳር ማዕበል የተፋው አንድ ትልቅ ግንድ አለ። ይልማ የፊቱን ጎማ ያወጣና የኋላው ይቀርበታል።

«ሶ፣ ፕሮብለሙ እኔ አይደለሁም» አለኝ። «የኋላው ጎማ ሄቪ ነው።»

«ሻንጣ ስትጭን ውለህ ደክሞህ ነው።»

«ኖ! ቸርኬውን ከበሳሳሁት ላይት ይሆናል። ኦኬ?»

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጎማውን ፈታና ላስቲኩን ሁሉ አውልቆ ክቡን ብረት፣ ቸርኬውን ማለት ነው፣ ራቁቱን ጠረጴዛዬ ላይ አጋደመው። በሽቦዎቹ መካከል መካከል በእርሳስ ምልክት አደረገ፤ ምልክቱን በሚስማር ነቆጠ፤ ከዚያ መጀመሪያ በቀጭኑ፣ ቀጥሎ በወፍራሙ መሰርሰሪያ ይበሳ ጀመር። የአሉሚኒየሙ ብናኝ ወለሉን አልብሶ ስኳር ዕቃዬ ውስጥ ሳይቀር ገባ። ሲጨርስ የየቀዳዳውን ጠርዝ በሞረድ አለሳለሰ፤ ላስቲኩ በቀዳዳው አብጦ እንዳይወጣ ዙሪያውን ጠንካራ ጨርቅ አለበሰውና ሚዛን ላይ አወጣው። የቀነሰው ከአንድ ብርቱካን አይበልጥም። ይልማ ግን እንደተወለደ ልጅ አቅፎት ቤቱን ዞረ።

ከዚያ መልሶ ገጠመና ብስክሌቷን ገልብጦ ጎማውን አሽከረከረው።

ፉጨት አልነበረም። አፉን ገጥሞ የሚያንጎራጉር ሰው ድምፅ ነበር። ጎማው ሲፈጥን ከፍ፣ ሲዘገይ ዝቅ ይላል፤ ሊቆም ሲል ደግሞ ትንፋሽ እንደሚወስድ ሰው ቆረጥ ያደርጋል።

«ነፋስ ነው» አለ ይልማ።

እኔም ነፋስ ነው አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ከሰዓት በኋላ ሊሞክረው ይዞት ወጣ፤ እኔም በእግሬ ተከተልኩት። ከኛ በታች ባለው መንገድ እማማ ስንዱ ከሴት ልጃቸው ከሰናይት ጋር ይኖራሉ። ወንዱ ልጃቸው ናሆም አንድ ጭጋጋም ማለዳ በብስክሌቱ ወደ ተራራው እንደወጣ በዚያው ቀርቷል። ሄሊኮፕተሩም፣ ውሻውም፣ ሰዉም ፈልጎ ፈልጎ ተወው። ወዳጅ ዘመድ ለለቅሶ ቢሰበሰብ እማማ ስንዱ «ሬሳውን ሳላይ እርሙን አላወጣም» ብለው በር ዘጉ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ፊት የናሆምን ስም የሚያነሳ የለም።

ይልማ በደጃቸው ሲያልፍ በሩ ተበርግዶ ተከፈተ። እማማ ስንዱ በካፊያው፣ በባዶ እግራቸው ወጡ።

«ናሆም!»

ይልማ ፍሬን ያዘ። እንጉርጉሮውም ቆመ። እማማ ስንዱ ፊቱን ረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ቸርኬውን በጣታቸው ዳበሱ።

«ይኼን ማን አስተማረህ?»

«ማንም፣ እማማ። እንዲቀለኝ ብዬ ነው የበሳሁት።»

«እሱም ምድር ቤት ገብቶ ብረት ሲበሳ ያሳብደኝ ነበር። ሲመጣ ከማዶው ጥግ ጀምሮ እሰማዋለሁ፤ ምሳውን የማሞቀው ያኔ ነው።» ቀና አሉ። «በል፣ በዚህ እለፍ። ግባ አልልህም። ብቻ እለፍልኝ።»

እንዲህ ያለውን ልመና እምቢ የሚል አንጀት ያላችሁ ካላችሁ እናንተ ታውቃላችሁ። ይልማ የለውም። ከሥራ ሲመለስ በየቀኑ ያልፋል፤ እሳቸው ከመጋረጃው ኋላ ቆመው ይሰሙታል። ፊታቸው ወዛ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲስቁ ታዩ። እኛም በጎ የሠራን መስሎን ነበር፤ ሰናይት መንገድ ላይ እስክታስቆመን ድረስ።

«ሳህን ታቀርብለታለች እኮ! አልጋውን አንጥፋለታለች። ፕሊስ፣ ስቶፕ አድርጉት!»

ይልማ ምን ብሎ እንደሚነግራቸው ጨነቀው። ሲጨነቅ ሰነበተ፤ በመጨረሻ የገላገለው ቸርኬው ራሱ ነው። ባሕሩ ዳር፣ ያ ግንድ ላይ ሲዘል፣ ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው ተሰንጥቆ ተጣጠፈ። ይልማ ትከሻውን ተላጠ። ጎማውን ወስደን ወጥ ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቀልነው፤ እሱም በአውቶቡስ መመላለስ ጀመረ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ መልስ እውነቱን ልንናገር እማማ ስንዱ ቤት ሄድን።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ይልማ። «ጎማው ተሰብሯል። ሰሞኑን ያላለፍኩት ለዚያ ነው።»

እማማ ስንዱ ሻይ እየቀዱ ነበር። «ምን ትላለህ? በየቀኑ አልፈሃል። ትናንትማ ደጃፌ ድረስ መጥተህ ቆምክ።»

ሰናይትን አየኋት። «እማዬ ደግሞ!» እንድትልልኝ ነው። አንገቷን ደፋች።

«እኔም ሰምቻለሁ» አለች።

«እኔ አይደለሁም፣ እማማ» አለ ይልማ።

እማማ ስንዱ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ። «አልከፈትኩም» አሉ። «ልጄ ከሆነ ቁልፍ አለው፣ ይገባል ብዬ ጠበቅኩ። ቁልፉ በሩ ላይ ሲነካካ ሰማሁ። ከዚያ ጸጥ አለ።» ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። «ሊሰናበተኝ ነው የመጣው።»

ቤት ስንደርስ የተሰነጠቀው ጎማ ከግድግዳው አልተነቃነቀም። ይልማ አውርዶት ወጣ፤ ባዶ እጁን ተመለሰ። የት እንደጣለው አልጠየቅኩትም።

በዚያው ሳምንት እማማ ስንዱ ለቅሶ ተቀመጡ። ከሌክ ሲቲ እስከ ቡሪየን ያለው ሀበሻ ጥቁር ለብሶ ጎረፈ። ያን ሁሉ ጊዜ የታፈነ ስም በአንዴ ሲወጣ ሰምታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ግድግዳው ሳይቀር ይሸሻል። ደረታቸውን መቱ፣ ልጃቸውን በስሙ ጠሩ፣ እርማቸውን አወጡ። ይልማ ወንበር ሲያመላልስ ከሁሉም በላይ አለቀሰ።

ከሠልስቱ በኋላ አስጠሩን። እማማ ስንዱ ጥቁር ለብሰው፣ ፊታቸው ረግቶ ጠበቁን። አዲስ የበር ጓጉንቸር ከነማሸጊያው ይልማ እጅ ላይ አኖሩ።

«የበሩን ቁልፍ በዚህ ቀይርልኝ።»

«የድሮው ምን ሆነ፣ እማማ?»

«ምንም አልሆነ። እኔ ልጄን አልቅሼ ሸኝቻለሁ፤ ከእንግዲህ አይመጣም። ደጄ የሚቆመው ሌላ ከሆነ ደግሞ የቤቴ ቁልፍ ምን ያደርግለታል?»

ይልማ ዞሮ አየኝ። ካቻቢቴ ፈልጌ አቀበልኩት።