የኦቦ ቶሎሳ ጋሪ እና የጠፋችው ቃል

የተማረ ሰው ሥራ ፈት ነው ብል ትቀየሙኛላችሁ? መጀመሪያ የእኔን ስሙ። ሁለት ዓመት ሙሉ የደከምኩት በአንዲት ቃል ላይ ነው። «ካሮስ» ትባላለች። ኬልት የሚባሉ የጥንት አውሮፓውያን ሠረገላን የጠሩባት ናት። ተጽፋ ያያት የለም፤ ሊቃውንት የልጅ ልጆቿን መልክ አይተው አያታቸው እንዲህ ሳትሆን አትቀርም አሉ። ሮማውያን ወሰዷት፤ ከዚያ «ካርጎ» ተወለደ። ለስልካችሁ የምትለምኑት «ቻርጀር» ሳይቀር ዘሯ ነው።

ታዲያ የመመረቂያ ጽሑፌን ለፈታኞች በማቀርብበት ቀን ቡራዩ በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ መንገዷን በድንጋይ ዘጋች። የተከራየሁት ገፈርሳ አጠገብ ነው። ታክሲ የለም፣ ኔትወርክ የለም፤ ከቀረሁ ደግሞ ዓመት መጠበቄ ነው። አከራዬ ኦቦ ቶሎሳ ጭንቀቴን አይተው ፈረሳቸውን ጋሪ ላይ ጠመዱና በባሕር ዛፉ ውስጥ ለውስጥ እንሂድ አሉኝ።

መንገድ ላይ በምን እንደምፈተን ጠየቁኝ። ስነግራቸው፣ በልጆች አያትን ማወቅማ የእኛም የዘር አቆጣጠር ነው ብለው የሁለት ዓመት ድካሜን በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ጋሪያቸውስ ከዚያች ቃል ይወለድ እንደሆን ጠየቁ። የለም፣ «ጋሪ» በሕንድ በኩል የመጣ ነው ይባላል ብላቸው ቅር አላቸው። ቀጥለው ሰዎቹ የት ገቡ አሉኝ። ከአብዛኛው አገራቸው ቋንቋቸው ጠፍቷል፣ ጥቂቶች በባሕር ጠረፍ ቀርተዋል አልኩ።

«ቃላቸውስ በሰው አፍ ቀረች፤ መሬታቸውስ?» አሉኝ።

የእሳቸውም የጤፍ ማሳ የማስተር ፕላኑ ካርታ ውስጥ ገብቷል እየተባለ ይወራ ነበር።

ወዲያው ወጣቶች አስቆሙን። ኦቦ ቶሎሳ «አካም ቡልተን» ብለው፣ እንዴት አደራችሁ ማለታቸው ነው፣ በኦሮምኛ ረጅም ወሬ ጀመሩ። አስተማሪ ነው የሚሏቸው መስሎኝ ነበር። ለካ፣ ኋላ እንደነገሩኝ፣ መሬቱን ተነጥቆ አንዲት ቃል ብቻ የቀረችውን ሕዝብ ጉዳይ ይዞ ሊሟገት የሚሄድ ነው ብለውኛል! ወጣቶቹ ድንጋዩን አነሱ፤ አንዱም ትከሻዬን መታ አድርጎ አይዞህ፣ በርታ አለኝ። እንዲያ ተከብሬ አላውቅም።

ኦቦ ቶሎሳ ከተማው ጫፍ አውርደውኝ በታክሲ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ ሃያ ደቂቃ ቀድሜ። ክፍሉ ውስጥ ጸሐፊዋ ብቻዋን ተቀምጣለች። ፈታኞቼ ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም መኪና አላቸው፤ አንዱ ሰበታ፣ ሁለቱ ሱሉልታ አዲስ ቤት ሠርተው ገብተዋል።

«በሰበታም በሱሉልታም መንገዱ መኪና አላሳልፍ ብሏቸው ቀሩ» አለችኝ፤ «አንተ በምን መጣህ?»