የአጥቢዋ አራሚ ቡናና ሁለት ድርብ ሰረዝ

የማተሚያ ቤቱ የሠራተኞች ደኅንነት ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ጥር 14
ሰዓት፦ አራት ሰዓት ተብሎ ተጠርቶ አራት ተኩል ላይ የተጀመረ
ቦታ፦ የእናቶች ጡት ማጥቢያ ክፍል (የስብሰባ አዳራሹ ወረቀት ስለተከመረበት)

የተገኙ፦
1. የማሽን ክፍል ኃላፊ፣ ሰብሳቢ
2. የግምጃ ቤት ኃላፊ፣ በቅጽል ስማቸው «እኔ በበኩሌ»፣ አባል
3. የሻይ ክበብ ኃላፊዋ፣ አባል
4. የዚህ ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ ጸሐፊ (ድምፅ የለውም)

ያልተገኙ፦ የጥራዝ ክፍል ኃላፊ። ምክንያት፦ አልተነገራቸውም።
በአስረጂነት፦ የክሊኒኩ ነርስ

ከአራት ድምፅ ሰጪዎች ሦስቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ባለጉዳይዋ አራሚ፣ ክፍሉ በመያዙ፣ የአራት ወር ልጇን ኮሪደር ላይ እያጠባች እንድትጠብቅ ተደርጓል። ለአባላት ቡና ቀርቧል።

አጀንዳ 1፦ የጉዳዩ መነሻ

አራሚዋ ከወሊድ ፈቃድ ከተመለሰች ወዲህ ጠዋት ጠዋት ቡና ስትጠጣ መታየቷን ሰብሳቢው አስረድተዋል። ያየው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ የግምጃ ቤት ኃላፊው እኔ በበኩሌ ሦስት ቀን ሙሉ በግምጃ ቤቱ መስኮት መከታተላቸውን፣ ይህንንም ለሕፃኑ ብለው ማድረጋቸውን ገልጸዋል። ባለፈው ሐሙስ ቡናውን እንድትተው በቃል ታዝዛ ነበር። በዚያው ዕለት ያረመችው የጤና መጽሐፍ፣ «ልጆች በየቀኑ ይታጠቡ» የሚለውን «ልጆች በየቀኑ ይታጠፉ» ብሎ በሦስት ሺህ ቅጂ ወጥቷል። አንድ ስሕተት ቢደገም ወደ ማሸጊያ ክፍል እንደምትዛወር የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጥቷታል።

የሻይ ክበብ ኃላፊዋ፣ «ሌሊቱን ልጁ አስተኝቷት አያውቅም። ቡናዋን ትነጥቋትና እንቅልፍ ሲጥላት ደግሞ ወንበሯን ትነጥቋታላችሁ? ኧረ ሰው ሁኑ!» ብለዋል። አስተያየቱ በስሜት የተሰጠ ስለሆነ እንዳይመዘገብ ታዟል።

አጀንዳ 2፦ የባለሙያ ማብራሪያ

ነርሷ፣ ከቡናው ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው ጥቂት እንደሆነ፣ በቀን አንድ ሁለት ሲኒ አብዛኛውን ጊዜ እንደማይጎዳ፣ ልጁ ከተነጫነጨ ወይም እንቅልፍ ካጣ ግን መቀነስ እንደሚገባ አስረድተዋል። እኔ በበኩሌ፣ «ሲኒ ስንል የትኛው ሲኒ?» ብለው በመጠየቃቸው፣ ነርሷ ጠያቂው ራሳቸው በእጃቸው የያዙትን ሲኒ አመልክተዋቸዋል። ሦስተኛቸው ነበር።

እኔ በበኩሌ በማስከተል የጎረቤታቸው ሚስት ቡና እየጠጣች ያጠባችው ልጅ እንቅልፍ አጥቶ አድጎ ዛሬ ደላላ መሆኑን በማስረጃነት አቅርበዋል። የሻይ ክበብ ኃላፊዋ፣ «ወንድምዓለም፣ እርስዎ ስንት አጥብተዋል?» ሲሉ ጥያቄው ከአጀንዳ ውጪ ነው ተብሏል።

አራሚዋ በቀኝ እጇ ቡና ከያዘች በግራ ጡቷ ብቻ እንድታጠባ የቀረበው ሐሳብ፣ ነርሷ ሳቅ አሸንፏቸው ክፍሉን ለቅቀው በመውጣታቸው ያለ ባለሙያ አስተያየት ቀርቷል። የልጁ አባት ሐሳብ በጽሑፍ ይጠየቅ ሲባል ደግሞ፣ አራሚዋ ከበሩ ውጪ ሆና፣ «እሱ ተኝቷል፤ እሱን የሚያነቃ ቡና ገና አልበቀለም» ማለቷ ተሰምቷል።

አጀንዳ 3፦ ውሳኔ

ከረጅም ውይይት በኋላ እኔ በበኩሌ፣ «‹ጠዋት› ካልን ከሰዓት ትጠጣለች። ‹በሥራ ሰዓት› ካልን በእረፍት ትጠጣለች። ነጋ ጠባ እንበለውና ቀዳዳው ይደፈን» በማለታቸው፣ «ነጋ ጠባ ቡና አይጠጣም» የሚል ማስታወቂያ እንዲለጠፍ በሁለት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወስኗል።

አጀንዳ 4፦ እርማት

በማተሚያ ቤቱ ደንብ አራሚ ያላየው ጽሑፍ አይለጠፍም። ሌላ አራሚ ስለሌለ ባለጉዳይዋ ተጠርታለች። ልጇን በአንድ እጅ እንደታቀፈች ቀይ እስክሪብቶ አንስታ፣ ፊደል ሳትነካ፣ «ሥርዓተ ነጥብ ይጎድለዋል» ብላ ሁለት ድርብ ሰረዝ ጨምራለች። ሰብሳቢው ቡናቸው እየቀዘቀዘባቸው ስለነበር ሳያነቡ ፈርመው ማኅተም አሳርፈዋል። ጸሐፊውም እንዲያነብ ታዞ እንዲህ ሲል አንብቧል፦

«ነጋ፤ ጠባ፤ ቡና አይጠጣም።»

እኔ በበኩሌ፣ «ማነው የማይጠጣው?» ሲሉ፣ አራሚዋ፣ «ልጄ ነዋ! ነጋ፣ ጠባ፣ ቡና ግን አይጠጣም። ውሳኔያችሁን ከልቤ እደግፋለሁ» ብላለች። «አይጠጣም» ጠብቆ መነበብ እንዳለበት እኔ በበኩሌ አጥብቀው ቢከራከሩም፣ ማጥበቂያ ምልክት እንዳልተደረገበት ተነግሯቸዋል። ሰብሳቢው ይሰረዝ ሲሉ ደግሞ፣ የሻይ ክበብ ኃላፊዋ ማኅተም ያረፈበትን መሰረዝ በሕግ እንደሚያስጠይቅ አስታውሰዋቸዋል።

በመሆኑም ኮሚቴው፣ ኮሚቴው ተሳሳተ ከሚባል፣ ውሳኔው ከመጀመሪያውም ሕፃኑን ብቻ የሚመለከት እንደነበርና እናቱን በሚመለከት የተባለውና የታዘዘው ሁሉ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ጭምር መሻሩን በሙሉ ድምፅ ወስኗል።

ሕፃኑ ማልቀስ ስለጀመረ ስብሰባው ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ ተበትኗል። አባላት ወጥተው ክፍሉን ለአራሚዋ ለቅቀዋል። የሻይ ክበብ ኃላፊዋ አንድ ሲኒ ቀድተው አጠገቧ ካስቀመጡ በኋላ በሩን ከውጭ ዘግተዋል።