የክቡር ተውቂር ሳሂብ በረዶ

በሙልታን ከተማ የሰኔ ሐሩር በገባ ቁጥር በየቤቱ አንድ የሚቃጠል ሰውና አንድ የሚቆለጳጰስ ዕቃ አይጠፋም። ዕቃው ይለያያል፤ ጌታው ግን ያው ነው። እናቱን ትኩሳት ቢይዛት ቴርሞሜትሩ የት እንደተቀመጠ አያውቅም፤ የኮምፒውተሩን ሙቀት ግን በእንቅልፍ ልቡ ይነግርሃል።

በፈርኻንዳ ቤት ይህ ሰው ታናሽ ወንድሟ ነው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ሥራው ገና እየታሰበበት ነው። በሆዷ “ክቡር ተውቂር ሳሂብ” ትለዋለች፤ አንዳንዴም በአፏ።

“ሰባ አንድ ዲግሪ!” ይላል ከክፍሉ፣ የኮምፒውተሩን ሙቀት እያነበበ፣ እንደ አዋጅ ነጋሪ። ቤቱ ያርፋል። “ሰባ ዘጠኝ!” ካለ ግን ወዮ! በር ይዘጋል፣ መጋረጃ ይወርዳል፣ የተቀመጠ ይነሣል።

በቤቱ ያለው ባለውሃ ቬንትሌተር አንድ ነው፤ ቆርቆሮ ለበስ፣ በረጠበ ሣር ውስጥ ነፋስ እያሳለፈ አንጀት የሚያርስ። እሱም ጀርባውን ለሰው፣ ፊቱን ለኮምፒውተሩ ሰጥቶ ቆሟል። እርጥበቱ የኮምፒውተሩን ሽቦ እንዳይበላው ክቡርነታቸው መላ ዘየዱ፤ የእናታቸውን ባስማቲ ሩዝ በከረጢት በከረጢት ቋጥረው፣ እርጥበቱን እንዲመጥ ዙሪያውን ደረደሩት።

“ሩዙስ?” አለች ፈርኻንዳ፣ እንግዳ መጥቶባት።

“ሥራ ላይ ነው፣ አፓ” አላት ታላቅ እኅቱን።

እንግዳው የእናታቸው ወንድም ማሙ አንጁም ነበሩ። ሙቀቱ የሚያስቀምጥ ክፍል የተውቂር ብቻ ስለነበር እዚያው አረፍ አሉ።

“ማሙ፣ ትንሽ ዞር ይበሉ፤ ትንፋሽዎ ኮምፒውተሩን ያሞቀዋል” አለ ተውቂር።

ሰባ ሁለት ዓመት ሲተነፍሱ እንዲህ ያላቸው ሰው አልነበረም። “እንዳልተነፍስ ከፈለግህ ጥቂት ታገሥ፣ ልጄ፤ ዕድሜዬም ወደዚያው ነው” አሉና ወጡ።

ይህ ሁሉ ድካም ለበረዶ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ በሚጫወተው ጨዋታ ውስጥ አንድ ብቸኛ ፈረሰኛ የበረዶ ተራራ ያቋርጣል። “የምስሉ ጥራት ፎር ኬ ነው፣ አሚ! እያንዳንዷ ብናኝ ለብቻዋ ትታያለች።” እናት በሻሿ ጫፍ አንገቷን እያበሰች በሩ ላይ ትቆማለች። እውነትም ያምራል፤ በረዶው እንደ ዘፈን አዝማች እየተመላለሰ ይወርዳል።

“ይሄ አገር የት ነው፣ ልጄ?” አለች አንድ ቀን። “ወስደህ ጣለኝ።”

ሳቀ። ፈርኻንዳ አልሳቀችም።

ቬንትሌተሩን ለአሚ ስጣት ባለችው ቁጥር መልሱ አንድ ነው፤ “አሚ እኮ የሙልታን ልጅ ናት፤ ለምዳዋለች። የኮምፒውተሩ የምስል ካርድ ግን በብርድ አገር የተሠራ ነው።”

ማክሰኞ በቀትር፣ ሙቀት የለመደችው እናት ሊጥ እያቦካች ወደቀች። የሰፈሩ ሐኪም የደም ግፊቷን ለክቶ፣ “ቀዝቃዛ ክፍል፣ አሁኑኑ! ልቧ ሌላ አንድ ቀን አይችለውም” አለ። ክቡርነታቸው የጆሮ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮ ላይ አነሡት።

“አሥር ደቂቃ፣ አፓ። ድልድዩን ልሻገርና።”

ፈርኻንዳ አልተሳደበችም። ስድብ ለሰው ነው። ሶኬቱን ነቀለች፤ ውሃው እየተንቦጫረቀ፣ ጎማው እያቃሰተ ቬንትሌተሩን ጎትታ እናቷ ራስጌ አቆመችው። የአሚ ትንፋሽ ቀስ እያለ ረጋ፤ ዓይኗ ተከደነ። ፈርኻንዳ የእናቷ ላብ እስኪደርቅ ድረስ እጇን ከግንባሯ ላይ አላነሣችም።

ከዚያ ልትስቅበት ሄደች። ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችው ሳቅ ነበራት። ተውቂር ሸሚዙን አውልቆ፣ የኮምፒውተሩን ጎን ከፍቶ፣ መሬት ቁጭ ብሎ በዘንባባ ማራገቢያ ያራግብለታል። ላቡ በጀርባው ይወርዳል። ልጅ ሆኖ ሲያተኩሰው እሷ እንዲህ ነበር ያራገበችለት።

“ሰማንያ ስምንት” አለ ሳይዞር። ከዚያ ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አድርጎ፣ “አሚስ?”

“ተኛች።”

“እሺ።”

ይቅርታ የሚባል ነገር በዚያ አፍ አልፎ አያውቅም። ፈርኻንዳ ሳቋን ብትፈልገው አጣችው። ከግድግዳው ላይ ሌላ ማራገቢያ አወረደች፣ አጠገቡ ተቀመጠች፣ እየረገመችው ማራገብ ጀመረች።

“ከጎን፣ አፓ፣ ከጎን! ከፊት ከሆነ ሙቀቱን ትመልሺበታለሽ።”

“አፈር ብላ!” አለችና ወደ ጎን ዞረች።