በኩባያ የተቀዳ ብርድ

ሰው ያላየውን ነገር ይናፍቃል ቢሏችሁ አትሳቁ። አግኝቶ ያጣውን የሚናፍቅማ ቢያንስ መልኩን ያውቀዋል፤ ጉዱ ያለው እንደኔ ስሙን ብቻ የያዘው ሰው ጋ ነው። አምቦ ላይ ፊዚክስ ሳስተምር ያረጀሁ ነኝ፤ ስናፍቅ የኖርኩት ደግሞ ሱፐርኮንዳክተር የሚባል ነገር ነው። ባንኩንና አየር መንገዱን የሚያንቀሳቅሱት ግዙፍ ኮምፒውተሮች መብራት ጠጥተው ጠጥተው ይግላሉ፤ እነሱን ለማቀዝቀዝ ደግሞ ሌላ መብራት ይፈስሳል። ሰርኪዩታቸው ከሱፐርኮንዳክተር ቢሠራ ግን፣ ክፉኛ እስከቀዘቀዘ ድረስ ኤሌክትሪኩ ቅንጣት ሳይባክን ይሮጣል፤ ኮምፒውተሩም በጥቂት ኃይል እጅግ ይፈጥናል። ይህንን ስንት ዓመት በጠመኔ አስተማርኩ፤ ያውም መብራት በወጉ በማይቆይበት ክፍል።

ባለቤቴ "ችግርህ ብርድ ከሆነ ጎጆ ሂድ" ትለኛለች፤ ከእኛ በላይ ደጋው ላይ ያለችውን ብርዳም ከተማ ማለቷ ነው።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከውጭ ሲመጣ የካፖርት ቁልፍ የምታክል ጥቁር ሱፐርኮንዳክተርና ትንሽ ማግኔት ይዞልኝ መጣ። ጥቁሯ በፈሳሽ ናይትሮጅን ስትቀዘቅዝ ማግኔቱ አየር ላይ ይንሳፈፋል አለኝ። ናይትሮጅኑን ከየት ላምጣ? ለካስ ሰፈሬ ውስጥ ነበር። ላሞችን የሚያዳቅለው ገመቹ የኮርማ ዘር የሚያቆየው በእሱ ነው። ለመንኩት። ያለችው ለዘሩም እንደማትበቃ፣ አዲስ ሲመጣ እንደሚያስበኝ ነገረኝ። ወራት ጠበቅሁ። በመጨረሻ ናይትሮጅኑ መጣ፤ የኦቦ ቶሎሳ ላም ኮርማ ፈልጋ ስለነበር ገመቹ ሞተሩ ላይ አፈናጦኝ ሄድን። የት? ጎጆ።

መጀመሪያ ላሟ። ቅደም ተከተሉን የወሰኑት ኦቦ ቶሎሳ ናቸው፤ የላሟ ፍላጎት ካለፈ ሌላ ሦስት ሳምንት መጠበቅ ነው፣ የኔው ግን መጠበቅ የለመደ ነው። ከዚያ ገመቹ አንድ ኩባያ ቀዳልኝ፤ ጥቁሯን ውስጡ ነከርኳት። እንፋሎቱ ጋብ ሲል ማግኔቱን ጥቁሯ ላይ አስቀመጥኩት። አላረፈም። ከላይዋ ትንሽ ከፍ ብሎ አየር ላይ ቆመ፤ ነካ ሳደርገው ያለ ድምፅ ዞረ። አለቀስኩ። በብርዱ ማሳበብ ይቻል ነበር፤ አላሳበብኩም።

ኦቦ ቶሎሳ ጎንበስ ብለው አዩና ምን እንደሚሠራ ጠየቁኝ። ስለ ኮምፒውተሩ ነገርኳቸው፤ እሱ ከዚህም የባሰ ብርድ እንደሚሻ፣ አዋቂዎቹም ገና እየደከሙበት እንደሆነ ጭምር። ስናወራ ናይትሮጅኑ ተኖ አለቀ፤ ማግኔቱም ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ይጨምርልኝ እንደሆን ብዬ ገመቹን አየሁት፤ እሱ የዕቃውን ክዳን ይገጥማል።

"ባርሲሳ፣" አሉኝ ኦቦ ቶሎሳ፣ በኦሮምኛ መምህር ማለታቸው ነው፣ "የኔ ላም በዘጠኝ ወሯ ትወልዳለች። ያንተስ መቼ ነው?"

አላውቅም አልኳቸው።

ላሟ ስትወልድ እንገር ብላ ብለው ጠሩኝ። ጥጃዋ ታምራለች። እንገሩን እየጨመሩልኝ፣ ያንተስ አሉኝ እንደገና።

"የኔዋ ገና ናት፣" አልኳቸው፤ "ማርገዟን ግን በዓይኔ አይቻለሁ።"