የዙፋን ልቅሶ

[በካሜሩን ደጋ፣ ከቤተ መንግሥቱ ጓሮ። ንጉሡ ካረፉ ሰንብተዋል። ዛሬ ዘጠኙ ሽማግሌዎች አደባባይ ከቆሙት የንጉሡ ልጆች መካከል አንዱን ድንገት አፈፍ አድርገው ይይዙና ያነግሡታል። የተያዘው እያለቀሰ «እምቢ» ማለት አለበት፤ ፈገግ ካለ ጉዱ ፈላ። ቺንዳና ዋፎም የንጉሡ ልጆች፣ በአባት ወንድማማቾች ናቸው። ቺንዳ ቢጠይቁትም ባይጠይቁትም ሁሉን ያውቃል። ዋፎን መንደሩ «የዋህ» ይለዋል፤ ሌላውን ቃል ለመናገር ይሉኝታ ይዞት እንጂ።]

ቺንዳ፦ ሽንኩርት አይደለም አልኩህ! በርበሬ!

ዋፎ፦ ሽንኩርትም እኮ ያስለቅሳል፣ ወንድምዓለም።

ቺንዳ፦ ሽንኩርት ይሸታል! ሽማግሌዎቹ አፍንጫ የላቸውም? ልቀቀው በቃ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ።

ዋፎ፦ (እየለቀቀ) ለወጥ አስቤው ነበር።

ቺንዳ፦ እኔ ዙፋን ላይ ልወጣ፣ አንተ ወጥ ታስባለህ! ስማ፤ እኔ መጽሐፍ ያነበብኩ ሰው ነኝ። ከጥንት ጀምሮ ሥልጣን የያዘ ሁሉ «አልፈልግም» እያለ ነው የያዘው። አንዱ ጄኔራል «ጥቂት ወራት ብቻ፣ ከዚያ ወደ ጦር ሰፈሬ» አለ፤ እስኪሸብት ገዛ።

ዋፎ፦ እስኪሸብት ሲያለቅስ ኖረ?

ቺንዳ፦ ያለቀሰውማ ሕዝቡ ነው!

ዋፎ፦ በርበሬውን ማን ሰጣቸው?

ቺንዳ፦ ኡፍ! ሌላው ደግሞ «በቃኝ» ብሎ እርሻው ገባ። ሕዝቡ እየዘፈነ ለምኖ መለሰው። ዘፈኑን ያስጠናቸው ግን ራሱ ነበር። ገባህ?

ዋፎ፦ እርሻውንስ ማን አረመለት?

ቺንዳ፦ (ግንባሩን እየመታ) እርሻውን ተወው! አሁን ወንድሞቻችን አደባባይ ቆመው አንገታቸውን ያሰግጋሉ። እኔ ግን እዚህ የጎደሬ ጎተራ ውስጥ እደበቃለሁ። «ቺንዳ የታለ?» ሲሉህ «ንግሥና ጠልቶ ሸሸ» በላቸው። የሸሸ ይታደናል፤ አለቀ።

ዋፎ፦ የሚይዙት አደባባይ የቆመውን አይደል እንዴ? የሌለ ሰው በምኑ ይያዛል?

ቺንዳ፦ አየህ፣ ለዚህ ነው አንተን ማንም ምክር የማይጠይቅህ።

ዋፎ፦ እኔን ቢይዙኝስ?

ቺንዳ፦ (ሆዱን ይዞ እየሳቀ) አንተን? የግራውን ጫማ በቀኝ አጥልቀህ?

ዋፎ፦ (እግሩን እያየ) ውይ፣ እውነትም።

ቺንዳ፦ (ጎተራው እየገባ) እውነት እንዲመስል ከውጭ ቀርቅረው። እንዳትከፍት!

ዋፎ፦ ብትለምነኝስ?

ቺንዳ፦ ብለምንህም!

[ዋፎ ይቀረቅራል። ጫማውን አስተካክሎ ያጠልቅና ወደ አደባባይ ይሄዳል። ከበሮ ይመታል፤ ጩኸትና እልልታ ይቀልጣል። ቺንዳ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የተመኘው ቀን ነው። የብዙ ሰው ኮቴ ወደ ጓሮው ሲመጣ ይሰማና በርበሬውን ዓይኑ ላይ ያሻል።]

ቺንዳ፦ ወይኔ! ልቀቁኝ! ዙፋን አልፈልግም! ከእኔ የሚሻሉ ወንድሞች አሉኝ!

ሽማግሌ ታላ፦ (ከውጭ) ማነው እሱ?

ቺንዳ፦ ቺንዳ ነኝ! በአያቶቼ ራስ ቅል እምላለሁ፣ አልነግሥም!

ሽማግሌ ታላ፦ እሰይ የኔ ልጅ! እኛማ የፈራነው አንተን ነበር፤ «ለምን እኔን አልያዛችሁም» ብለህ ታምሰናለህ ብለን። ዘጠኛችንም ሰምተናል፤ በአያት ራስ ቅል የተማለ አይሻርም።

ቺንዳ፦ (ድምፁ ሰለል ብሎ) ታዲያ… የያዛችሁት ማንን ነው?

ዋፎ፦ እኔን፣ ወንድምዓለም። ወደ መንገሻው ቤት ሲወስዱኝ መንገዱ በዚህ ነው።

ቺንዳ፦ ክፈት! ዋፎ፣ በእናትህ ክፈት!

ዋፎ፦ ብለምንህም እንዳትከፍት ብለኸኝ የለ?

ቺንዳ፦ አንተ የዋህ መሳይ! ይህን ተንኮል ማን አስተማረህ?

ዋፎ፦ አንተ ነሃ! ክረምቱን ሙሉ ስታስተምረኝ ከረምክ። የኔ ሥራ መጠየቅ ብቻ ነበር።

[ቺንዳ አሁን የእውነቱን ያለቅሳል። ዋፎ አፉን ወደ ጎተራው ስንጥቅ ያስጠጋል።]

ዋፎ፦ (በሹክሹክታ) አይዞህ፣ አታልቅስ። ይልቅ አንድ ነገር አግዘኝ። ብልጥ ልጅ የሰጡትን ይዞ ያለቅሳል ይባል የለ? እኔ መያዙን ይዣለሁ፤ ማልቀሱ ነው ያቃተኝ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነው፣ እባክህ ከዚያች በርበሬ ቆንጠር አድርገህ አቀብለኝ።