አምስተኛው ልጅ የት ገባ?

(የክረምት ዕረፍት ነው። አንዲት ያረጀች መኪና ገጠር ለገጠር ትወርዳለች። መሪውን የያዘው መምህሩ ነው። የሚያስተምረው ጂኦግራፊ ሲሆን ትምህርት ቤት ቢዘጋም የሱ አፍ አይዘጋም። አጠገቡ የሚስቱ ወንድም፣ ልብስ ሰፊው ተቀምጧል። ልብስ ሰፊው ነገር ቶሎ አይገባውም፤ አንዴ ከገባው ግን ማንም አያስወጣለትም። ከኋላ በሁለት ረድፍ ልጆች ተጠቅጥቀዋል። ግማሾቹ ይዘፍናሉ፣ አንዱ ያንኮራፋል። ጠቡም የተነሳው በዚሁ በማንኮራፋቱ ነው።)

ልብስ ሰፊው፦ እኔ የምልህ ጋሼ፣ የኛ ቤት ልጆች አያንኮራፉም።

መምህሩ፦ ልጅ ሁሉ ያንኮራፋል። ከፍታ ላይ ስትወጣ አየሩ ይሳሳል፤ አየሩ ሲሳሳ አፍንጫ ይጨነቃል። ሳይንስ ነው።

ልብስ ሰፊው፦ ከተነሳን ጀምሮ እኮ ቁልቁል ነው የምንወርደው።

መምህሩ፦ ቁልቁል ሲሆን ይብሳል።

ልብስ ሰፊው፦ እሺ ይሁን። ግን ይሄኛው ዘይት እንዳለቀባት የስፌት መኪናዬ ነው የሚጮኸው።

መምህሩ፦ ልጁን ተወውና ሰዓት ንገረኝ።

ልብስ ሰፊው፦ አምስት ከሩብ።

መምህሩ፦ ስድስት ተኩል ላይ እናትህ በር ላይ ነኝ። ዛሬ ቀልድ የለም። ያሉትን ሰምተህ የለ?

ልብስ ሰፊው፦ ሰምቻለሁ። ግን ረስቼዋለሁ።

መምህሩ፦ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ዓመት ሊሞላው ነው። ሐኪሙ ያለው እኛ ጋ፣ መኪናው ያለው እኔ ጋ። እሳቸው ግን "የሱ መኪና ውስጥ ከምገባ ሁለቱም ይጥፉ" ብለው እግራቸውን ተከሉ። ለምን? አምና አቋራጭ ላሳይዎት ብዬ ትንሽ ስላዞርኳቸው።

ልብስ ሰፊው፦ የሰው ማሳ መሀል ነው የዋላችሁት።

መምህሩ፦ ማሳው ካርታው ላይ አልነበረም። ሚስቴ ቀድማ ሄዳ ስትለምናቸው ሰንብታ በመጨረሻ ምን አሉ? "አምስቱንም ልጆች በደህና ያምጣና ያኔ አስብበታለሁ።" ይኸው፣ አምስቱንም ጭኛለሁ። በቆምኩበት ሁሉ እቆጥራለሁ፣ አምስት። ሰው ይዋሻል እንጂ ቁጥር አይዋሽም።

(ልብስ ሰፊው ወደ ኋላ ዞሮ የሚያንኮራፋውን ልጅ ያየዋል። መጀመሪያ እጅጌውን፣ ቀጥሎ ኮሌታውን ነው የሚያየው። ፊት የሚያየው ከሁሉም በኋላ ነው፣ የሙያ ነገር።)

ልብስ ሰፊው፦ ጋሼ፣ ይሄ ልጅ የለበሰው ጃኬት የኔ ስፌት አይደለም።

መምህሩ፦ የዓለም ልብስ ሁሉ አንተ ጋ መሰፋት አለበት?

ልብስ ሰፊው፦ የዓለሙስ ይቅር። ለዚህ መንገድ ብዬ ለያንዳንዳቸው አረንጓዴ ሸሚዝ ሰፍቻለሁ። አራት።

መምህሩ፦ አምስት ናቸው።

ልብስ ሰፊው፦ አራት ነው የሰፋሁት።

መምህሩ፦ እንግዲያው አንዱን ረስተኸዋል። ያንተ ነገር መቼም።

ልብስ ሰፊው፦ ረስቼው ይሆናል። (ትንሽ ያስባል) ግን ፊቱንም አብሬ ረስቼዋለሁ።

መምህሩ፦ ምን ማለትህ ነው?

ልብስ ሰፊው፦ አላውቀውም ማለቴ ነዋ።

(መምህሩ መኪናዋን ዳር ያስይዛል። ዞሮ ያያል። መነጽሩን አውልቆ ይጠርግና እንደገና ያያል። ልጁ ያው ነው።)

መምህሩ፦ ይሄ ማነው?

ልብስ ሰፊው፦ እኔስ እሱን አይደል የምልህ።

መምህሩ፦ ጉድ ፈላ። ነዳጅ ማደያው ጋ ነው። ልጆቹ ሽንት ቤት ደርሰው ሲመለሱ ቆጠርኩ፣ አምስት ሆኑልኝና ሄድን። የኛ አንዱ እዚያ ቀርቶ ይሄኛው በሱ ቦታ ገብቷል።

ትልቋ፦ (የመምህሩ ልጅ ናት፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው) አባዬ፣ እሱ እኮ…

መምህሩ፦ ትልቅ ሰው ሲነጋገር አይገባም።

ልብስ ሰፊው፦ የቀረው የትኛው ነው ታዲያ?

መምህሩ፦ ቆይ። ሁለቱ የኔ ናቸው፣ አሉ። የቀሩት የእህትህ ናቸው። እህትህ ስንት ልጅ ነው ያላት?

ልብስ ሰፊው፦ የቷ እህቴ?

መምህሩ፦ ያሉህ ሁለት ናቸው፤ አንዷን እኔ አግብቻታለሁ።

ልብስ ሰፊው፦ እ፣ ታላቄ። እሷ መንታዎቹ አሏት። ሁለት።

መምህሩ፦ እርግጠኛ ነህ?

ልብስ ሰፊው፦ ሱሪ የሰፋሁት ለሁለት ነው።

መምህሩ፦ ሦስተኛው ሱሪ ኖሮት ቢሆንስ?

ልብስ ሰፊው፦ (ለረጅም ጊዜ አስቦ) እሱስ እውነትህን ነው። ሱሪ ያለው ሰው ወደኔ ምን ያመጣዋል።

ትልቋ፦ አባዬ፣ አክስቴ እኮ ሁለት ብቻ ነው…

መምህሩ፦ ዝም በይ ብያለሁ። እኔ ጎህ ሳይቀድ ስንነሳ በእጄ እየዳሰስኩ ነው የቆጠርኩት። አምስተኛው መጨረሻ ወንበር ላይ፣ ጥግ ይዞ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተኝቷል። ጭንቅላቱን ዳብሼዋለሁ። ትልቅ ጭንቅላት ነው።

ልብስ ሰፊው፦ (እንባውን እየጠረገ) ወይኔ፣ ምስኪን።

መምህሩ፦ "ተኛ የኔ ልጅ" ስለው በእንቅልፍ ልቡ እጄን ያዝ አደረገኝ።

ልብስ ሰፊው፦ በቃ፣ አትጨምርልኝ። አንጀቴን በላው።

(መኪናዋ ዞራ ወደመጣችበት ትከንፋለች። ልጆቹ አያታቸው ጋ መሄድ ቀርቶ ሌላ ጨዋታ የተጀመረ መስሏቸው እልል ይላሉ። እንግዳው ልጅ ነቅቶ ቦርሳውን ይከፍትና ለሁሉም ብስኩት ያድላል። መምህሩ "የማን ልጅ ነህ?" ብሎ ቢጠይቀው አፉን በብስኩት እንደሞላ "የአባቴ" ብሎት እርፍ። ነዳጅ ማደያው ይደርሳሉ።)

መምህሩ፦ አንተ ሽንት ቤቱን፣ እኔ ሱቁን። ጩኽ፣ ጥራው።

ልብስ ሰፊው፦ ምን ብዬ ልጥራው?

መምህሩ፦ በስሙ ነዋ።

ልብስ ሰፊው፦ ስሙ ማነው?

(መምህሩ አፉን እንደከፈተ ይቀራል። ይህ ሰው የዓለምን ወንዞች ከነምንጫቸው በቃሉ ይወጣል።)

መምህሩ፦ አምስተኛ በለው።

(ልብስ ሰፊው "አምስተኛ፣ አምስተኛ" እያለ ሽንት ቤቶቹን ያንኳኳል። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ወረፋው በቁጥር የሆነ መስሏቸው "እኔ ሦስተኛ ነኝ"፣ "የለም፣ እኔ እቀድማለሁ" እየተባባሉ ይጣላሉ። እሱ ላብ በላብ ሆኖ ይመለሳል።)

ልብስ ሰፊው፦ የለም። ነዳጅ ቀጂዋንም ጠየቅኳት። ምን ለብሷል አለችኝ፣ እኔ እንጃ አልኳት። ስንት ዓመቱ ነው አለችኝ፣ እኔ እንጃ አልኳት። ጭንቅላቱ ግን ትልቅ ነው ስላት ትክ ብላ አየችኝ።

መምህሩ፦ ጠርጥራህ ነው።

ልብስ ሰፊው፦ ብትጠረጥረኝስ ምን ይፈረድባታል። (ስልኩ ይጮኻል) እማዬ ናት።

መምህሩ፦ እንዳታነሳው።

ልብስ ሰፊው፦ አነሳሁት እኮ። (ስልኩን በእጁ ሸፍኖ) ጎማ ፈነዳ በላት።

(መምህሩ ስልኩን ያየዋል። ጎማ ፈነዳ ማለት ቀላል ነው፤ ማን ያውቅበታል። እውነቱን ከተናገረ ግን እማማ መኪናው ውስጥ አይገቡም፣ ካልገቡ ደግሞ የዓይናቸው ነገር አበቃ። እጁን ወደ ስልኩ ይዘረጋል።)

መምህሩ፦ የሰው ልጅ ጥሎ ጎማ ይባላል? አምጣው። (ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ያደርገዋል) እማማ…

እማማ፦ (በስልክ) የት ደረሳችሁ? ምሳው እኮ በረደ።

መምህሩ፦ እማማ፣ ከዛሬ በኋላ ዓይንህን አልይ ቢሉኝ አይፈረድብዎትም።

እማማ፦ ድሮስ መቼ ታየኝና። ምን ሆንክ?

መምህሩ፦ ልጅ ጣልኩ እማማ። (ማልቀስ ይጀምራል) ብርድ ልብስ አልብሼው፣ ተኛ ብዬው ነበር። ልጅዎ ሽንት ቤቱን ሁሉ ዞሮ ፈለገው፣ የለም። የኔ ጥፋት ነው። እኔ መኪና አልነዳም ከእንግዲህ። ለዓይንዎ የሚሆን ሌላ ሾፌር እፈልጋለሁ፣ ብቻ እርስዎ ይምጡ።

እማማ፦ መጀመሪያ ተረጋጋ። የትኛው ልጅ ነው የጠፋው?

መምህሩ፦ አላውቅም።

እማማ፦ ያሉትን ንገረኝ እንግዲያው።

መምህሩ፦ ትልቋ አለች። ጥርሱ የወለቀው ታናሿ አለ። መንታዎቹ አሉ። አንድ የማላውቀው ደግሞ አለ፣ ያንኮራፋል።

እማማ፦ ብስኩት ይዟል?

መምህሩ፦ አንድ ቦርሳ ሙሉ።

እማማ፦ እሱማ የወንድሜ የልጅ ልጅ ነው። አባቱ "ነዳጅ ማደያው ጋ ለመምህሩ አስረከብኩት" ብሎ ደውሎልኛል። አራቱን ከቤት፣ አምስተኛውን ከማደያው ውሰድ ብላ ሚስትህ አልነገረችህም?

መምህሩ፦ (ቀስ ብሎ) ልትነግረኝ ጀምራ ነበር። አውቃለሁ አልኳት።

ትልቋ፦ አባትየው እኮ አንተንም "አደራ" ብሎሃል አባዬ። አንተ ነዳጅ ቀጂዋን ስለ ጎማ ነፋስ እያስተማርካት ነበር። ዞር ሳትል "እሺ፣ አውቃለሁ" አልከው።

ልብስ ሰፊው፦ ቆይ ቆይ። ሁሉም ካሉ፣ እኛ የምንፈልገው ማንን ነው?

መምህሩ፦ ያን ብርድ ልብስ የተከናነበውን ነዋ። በእጄ ነው የዳበስኩት፤ በዚህ አልከራከርም። ብርድ ልብሱ ቡናማ ነው፣ ጫፉ በካውያ ተቃጥሏል።

ልብስ ሰፊው፦ በካውያ?

መምህሩ፦ በካውያ።

ልብስ ሰፊው፦ ካውያው የኔ ነው። ብርድ ልብሱም የኔ ነው። (ራሱን እየዳበሰ) ጋሼ፣ እኔ እኮ ዛሬ እንኳ እንዳላረፍድባችሁ ብዬ መኪናው ውስጥ ነው ያደርኩት። ጎህ ሳይቀድ አንድ ሰው ራሴን ዳብሶ "ተኛ የኔ ልጅ" አለኝ። ነፍሱን ይማረውና አባቴ በሕልሜ የመጣ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

መምህሩ፦ አንተ ፊት አልነበርክም እንዴ?

ልብስ ሰፊው፦ ፊት የመጣሁት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው፣ መንታዎቹ ሲረግጡኝ።

መምህሩ፦ እስከዚያ ድረስ ስለ ደመና አይነቶች ሳስረዳ የነበረው ለማን ነው?

ልብስ ሰፊው፦ ለወንበሩ።

(መጀመሪያ መንታዎቹ ሳቁ። ቀጥሎ ትልቋ። ከዚያ ልብስ ሰፊው ሆዱን ይዞ የመኪናው ጎማ ሥር ተቀመጠ። በስልኩ ውስጥም እማማ ሲስቁ ይሰማል፤ ስቀው ስቀው ሲያበቁ ዓይናቸውን እንደሚጠርጉ ያስታውቃል።)

እማማ፦ ስማኝ መምህር። ሰኞ ሐኪም ቤት ትወስደኛለህ።

መምህሩ፦ (ማመን አቅቶት) በዚህችው በኔ መኪና?

እማማ፦ በዚችው። ለሌለ ልጅ መንገድ ሙሉ የተመለሰ፣ የተንሰቀሰቀ ሰው፣ እኔን ያለሁትን የትም አይጥለኝም። ጎማ ፈነዳ ልትለኝ ትችል ነበር፤ የዚያ የልጄን ሹክሹክታ ሰምቻለሁ። ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ ምንም አልሆነም።

ልብስ ሰፊው፦ (እየሳቀ) እማዬ፣ ጋሼን ብታዪው እኮ። አስተማሪ ሆኖ አንድ እኔን መቁጠር አቅቶት…

እማማ፦ አንተ ደግሞ ምን ያስቅሃል? እሱስ ሰው ጠፋበት፣ ፈለገ። አንተ ራስህ ጠፍተህ፣ ራስህን ስትፈልግ የሰው ሽንት ቤት ስታንኳኳ ዋልክ።

ልብስ ሰፊው፦ (ሳቁ ይቆማል፤ ያስባል፤ ቀስ እያለ ይገባዋል) እኔ እንደጠፋሁ ማን ነገረኝና። እሺ እማዬ፣ ሰኞ ስንመለስ ፊት ያለው ወንበር ያንቺ ነው። እኔ የት ልቀመጥ?

እማማ፦ ኋላ፣ ከልጆቹ ጋር። ሲቆጥራችሁ ደግሞ አቤት በል።