ዙም ላይ ያለቀስንለት ሰውዬ

ዛሬ ከሰዓት ሰው ቀበርኩ። ሰውዬው ግን ካሜራውን ከፍቶ «ሃሎ፣ ትሰሙኛላችሁ?» አለኝ!

ቁጭ በሉ። ስልካችሁን ቻርጅ ላይ ሰኩት። ልሳቅ ወይስ ልደንግጥ እኔም እስካሁን አልለየሁትም።

ለማታውቁኝ፣ ትዕግስት ነኝ፣ የሶዶ ልጅ። ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ ቦዲቲ እየሄድኩ ሶሻል ወርከር ሆኜ እሠራለሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ ስኮላርሺፕ አሳድዳለሁ። ውጭ ሄጄ በሶሻል ፖሊሲ ማስተርሴን መያዝ ከልጅነቴ ጀምሮ... እሺ፣ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ሕልሜ ነው። «እናዝናለን፣ ዘንድሮ ብዙ አመልካች ስለነበረ» የሚል ኢሜይል ስንቴ እንደደረሰኝ አትጠይቁኝ። «እናዝናለን» የምትለዋን ቃል ገና ከሩቅ ሳያት ስልኬን ገልብጬ ማስቀመጥ ለምጃለሁ።

ዘንድሮ ግን ሾርትሊስት ገባሁ!

አዎ፣ እኔ! እልልታውን ግን ያዙት፣ ገና ነው።

ፌሎሺፑ ኢንዳውድ የሚባለው ዓይነት ነው። ምን መሰላችሁ፣ አንድ ባለጸጋ ብሩን ቁጭ ያደርጋል፣ ዋናው አይነካም፣ ትርፉ በየዓመቱ ተማሪ ያስተምራል። ላሟ አትታረድም፣ ወተቷ ብቻ ይታለባል ማለት ነው። ፌሎሺፑም በሰውዬው ስም ይጠራል። የዚህኛው ሰውዬ ሚስተር ሃሮልድ ይባላሉ።

ዌብሳይቱ ላይ ገባሁ። የሚስተር ሃሮልድ ፎቶ አለ።

ብላክ ኤንድ ዋይት!

እስቲ እናንተ ፍረዱ። እኛ ጋ ብላክ ኤንድ ዋይት ፎቶ የሚለጠፍለት ማን ነው? እኔ ራሴ አንዴ ለስታይል ብዬ ፕሮፋይሌን ጥቁርና ነጭ ባደርገው ዲምቱ ከተማ ያሉ ዘመዶቼ እያለቀሱ አክስቴ ጋ ደወሉ። ከሚስተር ሃሮልድ ፎቶ ሥር ደግሞ «ልጅ የላቸውም፣ ስማቸው በተማሪዎቻቸው ሲጠራ ይኖራል» የሚል ነገር ተጽፏል።

በቃ፣ ሞተዋል። ምን ይጣራል? ጉግል የሚባል ነገር መኖሩ በዚያ ሰዓት ከጭንቅላቴ ጠፋ።

ስለዚህ ሞቲቬሽን ሌተሬን እንደ ጨዋ ልጅ በሐዘን ጀመርኩት። «በሚስተር ሃሮልድ ዕረፍት የተሰማኝን ጥልቅ ሐዘን እየገለጽኩ፣ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በገነት እንዲያኖር፣ ለቤተሰባቸውም መጽናናትን እንዲሰጥ እመኛለሁ» ብዬ። በእንግሊዝኛ! አንድ ሙሉ ፓራግራፍ!

እና ጠሩኝ። እኔ እኮ በፕሮፖዛሌ ጉብዝና መስሎኝ ነበር!

ፕሮፖዛሌ ስለ እድር ነው። እድር የተሟላ የማኅበራዊ ዋስትና ሥርዓት ነው፣ መንግሥት የማይደርስበት ሁሉ ይደርሳል ብዬ ደረቴን ነፍቼ ጽፌያለሁ። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን፣ ተራ ገብቶ ማደሩን፣ ሁሉንም በግራፍ አድርጌዋለሁ። የሚያምር ግራፍ ነው፣ ባለ ቀለም።

አሁን አክስቴ አስቴር ትግባ።

እናቴ ካረፈች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። የሰፈራችን እድር ያለ እሷ አይንቀሳቀስም። ሙሾ ስታወርድ ድንጋይ ታስለቅሳለች። ቸርች ውስጥ «ተስፋ እንደሌላቸው አታልቅሱ» ብለው ሲመክሯት «ተስፋም አለኝ፣ እንባም አለኝ» ብላ ትመልሳለች። ማን ይከራከራታል?

ትናንት «አክስቴ፣ ነገ ኢንተርቪው ስላለብኝ ቤቱ ፀጥ ይበልልኝ» አልኳት።

«የሚያስተምርሽ ገንዘብ የማን ነው?»

«የኚህ ሰውዬ። ሞተዋል» ብዬ ፎቶውን አሳየኋት። ከንፈሯን መጠጠች።

«ልጅ አለው?»

«የላቸውም።»

«ታዲያ ማን አለቀሰለት?»

«እኔ እንጃ አክስቴ፣ የነሱ አገር እንደኛ አይደለም።»

«ያላለቀስሽለትን ሰው ገንዘብ ልትበዪ? ነውር አይደለም እንዴ! ሰው ምን ይለናል?»

ልገላገላት ብዬ «እሺ በቃ፣ ከኢንተርቪው በኋላ እናለቅሳለን» አልኳት።

ስህተቴ እዚች ጋ ናት። ለቅሶ ደራሽ የሚያለቅሰው ሐዘንተኛው ፊት ነው። ሐዘንተኞቹ ያሉት ደግሞ ዙም ውስጥ ነው! ኢንተርቪው ካለቀ በኋላ ለማን ይለቀሳል? አክስቴ ይህን አስባበታለች። እኔ ግራፍ ሳሳምር ነበር።

ሰዓቱ ደረሰ። ከኋላዬ ቆንጆ የወላይታ ዱንጉዛ ጨርቅ ሰቅያለሁ፣ ፀጉሬ ተሠርቷል። ስክሪኑ ላይ ሦስት ሳጥን አለ። አንዷ ፕሮፌሰሯ፣ አንዱ ኮኦርዲኔተሩ፣ ሦስተኛው ካሜራው የተዘጋ «እንግዳ» የሚል። ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ጥሩ እየሄደልኝ ነበር፣ እንዲያውም አንዴ አስቄያቸዋለሁ!

ፕሮፌሰሯ «እስቲ በአካባቢሽ ሰው ችግር ሲደርስበት ማን ይደርስለታል? በምሳሌ አስረጂን» አለችኝ።

እኔ አፌን ስከፍት በሩም ተከፈተ።

አክስቴ አስቴር! ነጠላዋን አዘቅዝቃ! ከኋላዋ ሦስት ሴቶች! ሁለቱ የእድራችን ናቸው። አንዷ ግን ተበላ ከምትባለው ከተማ ለገበያ የመጣች የጎረቤት እንግዳ ናት፣ ማን እንደሞተ እንኳን አታውቅም። ከሁሉም አብልጣ ያለቀሰችው ግን እሷ ናት!

ማይኩን ላጥፋ ብዬ ስዘል ላፕቶፑን መታሁትና ዞሮ እነሱን ፊት ለፊት ያሳይ ጀመር። ማይኩም አልጠፋም።

አክስቴ በወላይትኛ አወረደችው። «አንተ ሃሮልድ፣ የድሃ ልጅ አስተማሪ! በሬህን ማን ይጥመድልህ? እንሰትህን ማን ይፋቅልህ? ላምህን ለሰው ልጅ ትተህ፣ ያለ ልጅ፣ ያለ እንባ ትሄዳለህ?» ደረት ይደቃል። ኮኦርዲኔተሩ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። ፕሮፌሰሯ መነጽሯን አውልቃ ወደ ስክሪኑ ተጠግታለች።

ያኔ ሦስተኛው ካሜራ ተከፈተ።

ሚስተር ሃሮልድ። በከለር!

ቀይ ሹራብ ለብሰው፣ ጉንጫቸው ቀልቶ፣ የሻይ ኩባያ ይዘው። «ሃሎ፣ ትሰሙኛላችሁ?» አሉ።

ወገን፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በደስታ እገባላት ነበር!

አክስቴ ሙሾውን አቋርጣ ስክሪኑን በደንብ አየችው። «ወንድሙ ነው? ውይ፣ ቁርጥ እሱን!» አለችና ለወንድምየው እንደ አዲስ ማልቀስ ጀመረች።

«አክስቴ» አልኳት በጆሮዋ፣ «ራሱ ነው።»

«ማን ራሱ?»

«ሟቹ!»

ከዚያ የተበላዋ እንግዳ ሁለት እጇን ወደ ላይ ሰቅላ «ሃሌሉያ!» ብላ ጮኸች።

ሚስተር ሃሮልድ ሳቁ። ኩባያው እጃቸው ላይ እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ደብዳቤሽን አንብቤ የቀበረችኝን ልጅ በዓይኔ ማየት አለብኝ ብዬ ነው የገባሁት» አሉኝ። ለካ ለዚያ ነው የጠሩኝ! እኔና ግራፌ!

ከዚያ ሙሾውን ካልተረጎምሽልኝ አሉ። ምን ላድርግ፣ ተረጎምኩ። በሬው ጋ ስደርስ «በሬ እንኳን የለኝም፣ አንዲት ድመት ናት ያለችኝ» አሉ። ይህን ለአክስቴ ብነግራት «ታዲያ ድመቷን ማን ያበላት?» ብላ ልትቀጥል ስትል ነጠላዋን ይዤ አስቆምኳት።

ሚስተር ሃሮልድ ግን መሳቃቸውን ተዉ። ኩባያውን አስቀመጡ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። «የምኖረው ብቻዬን ነው። ብሞት እነዚህ እናቶች እንደሚመጡ ዛሬ አየሁ። ብታመምና ባልሞትስ? መቼ ነው የሚመጡት?»

ያን ሁሉ ገጽ፣ ያን ሁሉ ግራፍ በሐሳቤ ገለበጥኩት፣ ለታመመ ሰው አንድ መስመር የለም!

«ምን አለ?» አለች አክስቴ። ነገርኳት። መልስ ልትሰጥ ቀና አለችና ወደ ግድግዳው አየች። ከግድግዳው ማዶ ማን እንዳለ እኔም እሷም እናውቃለን።

ጋሽ ላሊሾ። ኤቢሲዲ ያስቆጠሩኝ የእንግሊዝኛ አስተማሪዬ ናቸው። ክረምት ላይ ወድቀው ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ካላቸው ጀምሮ ተኝተዋል። ልጅ የላቸውም፣ ምግብ የምታቀብላቸው ተከራያቸው ናት። የመጀመሪያው ሳምንት ሰፈሩ ሁሉ ሄደ፣ እኔም ሄድኩ። ከዚያ ሥራ፣ ቦዲቲ፣ ዴድላይን። ማታ ስለ ማኅበራዊ ዋስትና ስጽፍ ሳላቸው በግድግዳው ይሰማኛል። ምን እንደማደርግ ልንገራችሁ? ኢርፎን እሰካለሁ።

አፍሬ ነው የምነግራችሁ። ማስመሰል እችል ነበር፣ አፌ ለዚያ አያንስም። ፌሎሺፑም በዚያች መልስ ላይ ነው የተንጠለጠለው። ግን ካለቀስንላቸው በኋላ እንዴት ብዬ እዋሻቸዋለሁ?

«አይመጡም» አልኳቸው። «የኛ እድር ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ለቁም ሰው የሚሆን ነገር ግን የለውም። በቁም የቀበርኩት እርስዎን ብቻ አይደለም፣ ጎረቤቴንም ነው። ፕሮፖዛሌ ውስጥ ይህን ያልጻፍኩት ስለሚያበላሽብኝ ነው።»

ፕሮፌሰሯ ልትናገር አፏን ከፈተች።

መብራት ሄደ!

የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፣ ለእሱም ማንም አላለቀሰለትም። በስልኬ ዳታ ልግባ ብል ኔትወርኩ መብራቱን ተከትሎ ሄዷል። መሬት ላይ ዘጭ ብዬ አለቀስኩ። የምሬን! ያን ሁሉ ዓመት ጠብቄ፣ ሕልሜን በገዛ አፌ ገደልኩት። የተበላዋ እንግዳ አጠገቤ ቁጭ ብላ አጀበችኝ፣ እግዜር ይስጣት።

አክስቴ ግን ኩሽና ገብታ አንድ ድስት ንፍሮ ይዛ ወጣች። ለካ ለለቅሶው ብላ ቀቅላ ነበር!

«ተነሺ» አለችኝ።

«ወዴት?»

«ለለቅሶ የተቀቀለ ንፍሮ ቤት አያድርም።»

ተከትያት ወጣሁ። አራቱ ሴቶች ነጠላ አዘቅዝቀው፣ እኔ ዓይኔ አብጦ፣ ጋሽ ላሊሾ ቤት ተግተልትለን ገባን። ሰውዬው ደንግጠው በደህናው ክርናቸው ቀና አሉ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ ቲቸር» አለች አክስቴ። «ለዚያ ነው የመጣነው።»

አንድ በአንድ አዩን። ከዚያ «ወንበሩ ላይ ያለውን ልብስ አንሱትና ተቀመጡ» አሉን።

ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። ሳቁ! በግማሽ ፊታቸው፣ እንባቸው እስኪወርድ! ሌተሩን ከስልኬ ላይ አስነብበውኝ እንደገና ሳቁ። ሲጨርሱ እጄን ያዙኝና «አንቺ ልጅ፣ መጀመሪያ እኔ ጋ አምጥተሽው ቢሆን ኖሮ ሰው አትቀብሪም ነበር። በመሃላችን ያለው እኮ ግድግዳ ነው» አሉኝ። ዛሬ ከሰማሁት ሁሉ ውስጤ የገባው ይሄ ነው።

እዚያው ንፍሮ እየበላን መብራት መጣ። ስልኬ ጮኸ።

ኢሜይል!

ለመክፈት ፈራሁ። ጋሽ ላሊሾ «ስጪኝ» ብለው በአንድ እጃቸው ከፈቱት። እኔ በጣቴ መሃል አጮልቄ «እናዝናለን» የምትለዋን ፈለግኳት። የለችም! ጋሽ ላሊሾ ጮክ ብለው አነበቡት፣ ልክ ክፍል ውስጥ እንደሚያነቡት። ወደ መጨረሻው ዙር አልፌያለሁ! ፕሮፖዛሉን ግን ዛሬ ከመለስኩት መልስ ተነስቼ እንደ አዲስ ልጽፈው ነው። ከሥሩ ሚስተር ሃሮልድ አንድ መስመር ጨምረዋል፦ «ጎረቤትሽን ጠይቂልኝ። ለአክስትሽም ድመቷ በልታለች በያት።»

አሁን እልል በሉ! አሁን ተፈቅዷል!

አክስቴ አቀለጠችው። የተበላዋ እንግዳ «ሃሌሉያ!» አለች፣ አሁን እንኳን በቦታው ነው። ጋሽ ላሊሾ ማታ ማታ ፕሮፖዛሉን ይዤ እንድመጣ አዘዙኝ፣ ቀይ እስክሪብቶም ግዢ ብለውኛል። አክስቴ ደግሞ እሁድ እድሩ ሲሰበሰብ ለታመመ ሰው ተራ ይውጣ ብላ ልትናገር ነው። እምቢ ካሉ እዚያው ሙሾ አወርድባቸዋለሁ ብላለች። ታደርገዋለች!

ገና አላሸነፍኩም፣ አውቃለሁ። የመጨረሻው ዙር አለ። ግን ከዛሬው የባሰ ምን ሊመጣ?

የዛሬ ትምህርቴ ይሄው ነው፦ ሰው ከመቅበራችሁ በፊት ካሜራውን እንዲከፍት ጠይቁት።

ልንወጣ ስንል ጋሽ ላሊሾ «እኔንም አንሺኝና ለጥፊኝ» አሉ። «በከለር ግን!» ፎቷቸው ይኸው ከሥር አለ፣ ንፍሮ አፋቸው ላይ እንዳለ፣ እየሳቁ ነው። በደንብ አጉልታችሁ እዩት፣ እባካችሁ። ሳያይ «ነፍስ ይማር» ብሎ ኮመንት የሚያደርግ ሰው ብሎክ ነው!